የዘጠኝ ቁጥር ጠባይ

ሰሊጥ የብዙ ወር ድካም ነው። የአብደራፊ ገበሬ አርሶ፣ ዘርቶ፣ አርሞ፣ አጭዶ፣ ነዶውን አቁሞ አድርቆ ያራግፈዋል። ይህ ሁሉ ድካም በመጨረሻ ሚዛን ላይ ወጥቶ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ በቁጥር ይጻፋል። እዚያ ላይ አንዲት አኃዝ ብትሳሳት የስንት ቀን ልፋት ገደል ይገባል። ታዲያ የተጻፈው ሒሳብ ልክ መሆን አለመሆኑን በምን እንወቅ? ዘጠኝ ቁጥር ይረዳናል።

መጀመሪያ ጠባዩን እንይ። 2 ጊዜ 9፣ 18 ነው። 1 እና 8 ሲደመሩ 9 ይሆናሉ። 3 ጊዜ 9፣ 27 ነው። 2 እና 7 ሲደመሩ ያው 9 ናቸው። 26 ጊዜ 9፣ 234 ነው። 2፣ 3 እና 4 ሲደመሩ አሁንም 9። ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ቁጥር ሁሉ እንዲህ ነው። ድምሩ ከአንድ አኃዝ በላይ ከሆነ እንደገና ይደመራል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? 10 ኩንታል ለ9 ሰው አንዳንድ ቢታደል 1 ይተርፋል። 100 ኩንታል አሥራ አንድ አሥራ አንድ ቢታደል 99ኙ ያልቅና 1 ይተርፋል። እንግዲህ ከ200 ሁለት፣ ከ30 ሦስት ይተርፋል። 4 ሲጨመርበት 9 ሆነ፤ ለሁሉም አንዳንድ ይደርሳል። ስለዚህ የአኃዞቹ ድምር የሚነግረን ትራፊውን ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንመለስ። 14 ኩንታል ሰሊጥ፣ አንዱ ኩንታል በ7,300 ብር ተሸጠ እንበል።

1ኛ/ የኩንታሉን አኃዞች ደምሩ፤ 1 + 4 = 5።
2ኛ/ የዋጋውን ደምሩ፤ 7 + 3 + 0 + 0 = 10፤ 1 + 0 = 1።
3ኛ/ ሁለቱን አባዙ፤ 5 × 1 = 5።
4ኛ/ የጠቅላላውን ብር አኃዞች ደምሩ። እዚህም 5 መምጣት አለበት።

ወረቀቱ 102,200 ብር ካለ 1 + 0 + 2 + 2 + 0 + 0 = 5፤ ተስማማ። 100,200 ካለ ግን 3 ይመጣል። አልተስማማም፤ 2,000 ብር ጎድሏል። «እንደገና ይሠራልኝ» በሉ።

ነገር ግን ልብ በሉ። አኃዞች ቦታ ቢለዋወጡ ድምራቸው አይለወጥም። በ102,200 ፈንታ 120,200 ቢጻፍ ይህ ዘዴ አያጋልጠውም። ድምሩ ካልተስማማ ሒሳቡ በእርግጥ ተሳስቷል፤ ቢስማማ ግን ሁልጊዜ ልክ ነው ማለት አይደለም።

ለዚህም ቢሆን ዘጠኝ ምልክት ይሰጣል። እናንተ 73 ኪሎ ብላችሁ ጽፋችሁ የገዢው ደብተር 37 ቢል ልዩነቱ 36 ነው፤ 3 እና 6፣ 9 ናቸው። ሁለት ደብተሮች ሳይስማሙ ልዩነታቸው ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ ቁጥር ተገልብጦ እንዳይሆን ተመልከቱ።

ይህን ዘዴ የህንድና የዓረብ የሒሳብ ሊቃውንት ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት ያውቁት ነበር። ዛሬም እርሳስና ወረቀት ብቻ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ 21 ኩንታል ማሽላ፣ አንዱ በ3,500 ብር ተሸጠ። አንዱ ወረቀት 72,500፣ ሌላው 73,500 ብር ይላል። የተሳሳተው የትኛው ነው?