ቀሪ የሚባለው ማን ነው?

በእድር መዝገብ ላይ «ቀሪ» የሚለው ቃል ገንዘብ ያስከፍላል። ስለዚህ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ለአንድ እድር የስብሰባ መቆጣጠሪያ ዳታቤዝ እንድሠራ ስጠየቅ፣ ኮምፒውተር ከመክፈቴ በፊት መተዳደሪያ ደንቡን ከጸሐፊው ተቀብዬ አነበብሁ።

ደንቡ አባል የሚለው ቤቱን ነው፤ ስብሰባ የሚመጣው ግን ሰው ነው። አጠና ተራ ሱቁን ትቶ መምጣት ያልቻለ አባወራ ባለቤቱን ይልካል፤ እሷም ካልተመቻት ትልቁ ልጅ ይመጣል። በኤክሴል ስም ወደ ታች፣ ወር ወደ ጎን ደርድረን ምልክት ብናደርግ ማን እንደመጣ አይታወቅም። አባልነት፣ ሰውና ስብሰባ የየራሳቸው ሠንጠረዥ ይኑራቸው፤ መገኘት ሰውን ከስብሰባ የሚያገናኝ አራተኛ ሠንጠረዥ ይሁን። የአይቢኤሙ ኤድጋር ኮድ በ1962 ዓ.ም. (በአውሮፓውያኑ 1970) መረጃን በዚህ መልክ ስለማደራጀት የጻፈው ጽሑፍ ዛሬም ለሰፈር እድር ይሠራል።

የአባልነቱ መለያ ምን ይሁን? የአያት ስም ተጨምሮም ሞክሼ አይጠፋም፤ ስልክ ይለወጣል፤ ባልና ሚስትም በአንድ ስልክ ይመዘገባሉ። የመረጥሁት የእድር ደብተሩን ቁጥር ነው፤ ባል ቢሞት እንኳ ሚስት በዚያው ቁጥር ትቀጥላለች።

ብዙ ያከራከረን ቀሪው ነው። የተገኙትን ብቻ መዝግቦ የቀረውን ሁሉ ቀሪ ማድረግ ለፕሮግራም ጸሐፊ ቀላል ነው፤ ለእኔ ግን በደል ነው። ስም ጥሪው ላይ አንድ ገጽ ታልፎ ቢሆንስ? አራስ ቤት ያለች፣ ታሞ የተኛ፣ ለቅሶ ክፍለ ሀገር የሄደ አለ። ስለዚህ «ተገኝቷል»፣ «በፈቃድ ቀርቷል»፣ «ያለፈቃድ ቀርቷል» ከሚሉት አንዱን ሰው አይቶ ይጻፍ። ባዶ ቦታ ትርጉሙ «ገና አልተመዘገበም» ነው፤ ከባዶ ቦታ ቅጣት አይወጣም። በጥቅምት የገባ አባል የመስከረም ቀሪ እንዳይባልም አባልነቱ የተጀመረበትና ያበቃበት ቀን ይያዛል።

ቀኑን በተመለከተ ጳጉሜን የማያውቅ ሶፍትዌር አባሉን ያደናግራል፤ ውስጥ በአውሮፓውያኑ ተቀምጦ ለአባሉ በእኛው አቆጣጠር ይታይ።

ቅጣትም የራሱ ሠንጠረዥ አለው። ጠቅላላ ጉባኤው ነገ መጠኑን ቢጨምር የትናንቱ ቅጣት አብሮ ማደግ የለበትም፤ በዕለቱ የነበረው ብር እዚያው ይጻፋል። የእድሩ ዳኛ ምሕረት ካደረጉም ቅጣቱ አይሰረዝም፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደማረ ከጎኑ ይሰፍራል።

ቅጣት ከመጽደቁ በፊት ደግሞ ዝርዝሩ ታትሞ በሚቀጥለው ስብሰባ ይነበባል። «እኔኮ ነበርሁ» የሚል አባል ምስክር ካቆመ ጸሐፊው ያርማል፤ የቀድሞው ምዝገባ ከአራሚው ስም ጋር ይቆያል።