ዳካር፦ በረሃው፣ አማተሩና የተበላሸው ሞተር

አዲስ አበባ ውስጥ የተወለደ አንድ ፈረንሳዊ የበረሃ ውድድር የሆነውን የዳካር ራሊን በሞተር ሳይክልም በመኪናም በማሸነፍ ከሰው ሁሉ ቀድሟል። ሁበርት ኦሪዮል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1952 ተወልዶ በ1981 እና በ1983 በቢኤምደብሊው ሞተር፣ በ1992 ደግሞ በሚትሱቢሺ መኪና አሸነፈ፤ የውድድር ጓደኞቹም «አፍሪካዊው» ይሉት ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ኦሪዮል ብዙ ተጽፏል። ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው ከእሱ ኋላ የሚመጣውን ነው፦ ከመደበኛ ሥራው ፈቃድ ወስዶ፣ ጥሪቱን አሟጦ፣ አንዳንዴም ለአንድ በጎ ሥራ ገንዘብ ለማሰባሰብ ወደ በረሃ የሚገባውን አማተር ሞተረኛ።

ውድድሩ መነሻው መንገድ መሳት ነው። ቲዬሪ ሳቢን የተባለ ፈረንሳዊ በ1977 ከአቢጃን ወደ ኒስ በሚደረግ ራሊ ላይ ሳለ ሊቢያ በረሃ ውስጥ ከነሞተሩ ጠፋ። ለሞት ተቃርቦ ተገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን አሸዋ የሚባል ነገር ዳግም ባላየ ነበር፤ እሱ ግን ሌሎችን አስከትሎ ተመለሰ። በ1978 ማብቂያ 182 መኪኖችና ሞተር ሳይክሎች ከፓሪስ ተነሡ፤ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ዳካር የደረሱት 74 ነበሩ። መኪናና ሞተር ሳይለይ ከሁሉም ቀድሞ የገባው ሲሪል ኔቬ በያማሃ ሞተር ነበር። ራሊው እስከ 2007 አፍሪካን አልለቀቀም። ሞሪታኒያ ውስጥ ፈረንሳውያን ቱሪስቶች በመገደላቸው የ2008ቱ ተሰረዘ፤ ከ2009 ጀምሮ ወደ ደቡብ አሜሪካ፣ ከ2020 ወዲህ ደግሞ ወደ ሳዑዲ አረቢያ ተዛወረ። ስሙ ግን ዳካር እንደተባለ ቀረ።

የዳካር ዓይነት ራሊ ከሌላ የሞተር ውድድር የሚለየው በመንገድ ፍለጋው ነው። ለተወዳዳሪው «የመንገድ መጽሐፍ» ይሰጠዋል፤ ድሮ የወረቀት ጥቅል ነበር፣ ዛሬ በስክሪን የሚነበብ ሆኗል። የሚነግረው ጥቂት ነው፦ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚኬድ፣ በስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ፣ የደረቀ ወንዝ ወይም ገደል የት እንዳለ። በየመንገዱ መታለፍ ያለባቸው ነጥቦች አሉ፤ አንዱን የሳተ ቅጣት ይጨመርበታል። መኪና ነጂ አጠገቡ መንገድ የሚያነብለት ረዳት አለው። ሞተረኛው ግን አሸዋ ላይ ከመቀመጫው ተነሥቶ እየነዳ፣ ራሱ እያነበበ፣ ራሱ ይወስናል። ከ2011 ጀምሮ የሞተሩ የሲሊንደር ይዘት ከ450 ሲሲ እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ነዳጅ ማደያ በሌለበት ምድር ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ቤንዚን መሸከም ስላለበት ሙሉ ታንክ የጫነ ሞተር ሲወድቅ ብቻውን ማንሳቱ ራሱ ትግል ነው።

የፋብሪካ ቡድን አባል የሆነው ባለሙያ ማታ ሰፈሩ ሲደርስ ሞተሩን ለመካኒኮቹ አስረክቦ ይበላል፣ ይተኛል። አማተሩ ያን የመሰለ ቡድን የለውም። በተለይ ያለ ረዳት የሚወዳደሩበት ምድብ ውስጥ የገባ ሰው አዘጋጆቹ የሚጭኑለት አንድ ሣጥን፣ ድንኳን፣ መፍቻዎችና ትርፍ ጎማ ብቻ ይፈቀድለታል። ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ውሎ ማታ ዘይት ይቀይራል፣ ፊልትሮውን ከአሸዋ ያጸዳል፣ ካቴናውን ያጠብቃል፣ የተፈታ ብሎን ይፈልጋል። የቀረችው ሰዓት ለእንቅልፍ ናት። ከውድድር የሚያስወጣው ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ በእንቅልፍ እጦትና በድካም የሚመጣ ስህተትም ነው።

ውድድሩ የሚያስከፍለውን ዋጋ ኦሪዮል በ1987 አሳይቷል። ሊፈጸም አንድ ቀን ሲቀረው እየመራ ሳለ ወድቆ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቹ ተሰበሩ። እንደዚያው ሆኖ የዕለቱን መንገድ ጨረሰ፤ ድሉ ግን ለኔቬ ሆነ። እንግሊዛዊው ተዋናይ ቻርሊ ቦርማን ደግሞ በ2006 በአማተርነት ገብቶ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጆቹን ተጎድቶ ወጣ፤ ከእሱ ጋር የተሰለፈው ሳይመን ፔቪ እስከ ዳካር ዘለቀ። በራሊው ታሪክ የሞቱት ተወዳዳሪዎች ብቻ አይደሉም። በየመንደሩ ዳር ቆመው ያዩ የነበሩ ሰዎች፣ ሕፃናት ጭምር፣ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ወቀሳውም አልተቋረጠም፦ የሀብታም ጨዋታ በድሃ መንደር መካከል።

ከዚህ ወቀሳ ጎን ለጎን በጎ አድራጎትም አለ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሞተረኛው የመሳተፊያውን ወጪ ከራሱ ወይም ከስፖንሰር ይሸፍንና ወዳጅ ዘመዱ፣ የሥራ ባልደረባው፣ የሰፈሩ ሰው ለመረጠው ድርጅት እንዲለግስ ቃል ያስገባል። ሰው እጁን የሚዘረጋው የሞተረኛውን መከራ ስላየ ነው። ፈረንሳዊው ዘፋኝ ዳንኤል ባላቮን ከዚህ አልፎ ሄደ። የኢትዮጵያ ረሃብ በዓለም ቴሌቪዥን ከታየ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1986፣ በራሊው መንገድ ላይ ላሉ መንደሮች የውሃ ፓምፕ ለማድረስ ወደ አፍሪካ መጣ። ጃንዋሪ 14 ቀን 1986 ማሊ ውስጥ የተሳፈረበት ሄሊኮፕተር ወድቆ እሱም፣ ቲዬሪ ሳቢንም፣ ሌሎች ሦስት ሰዎችም ሞቱ።

ቦርማንም እጁ ከዳነ በኋላ በ2007 ከጓደኛው ከኢዋን ማክግሪገር ጋር ከስኮትላንድ ተነሥቶ ኢትዮጵያን አቋርጦ እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ በሞተር ተጉዟል። ጉዞው ከደገፋቸው ድርጅቶች አንዱ «ራይደርስ ፎር ሄልዝ» ነበር፤ ከበረሃ ውድድር የሚገኘውን ትምህርት፣ ሞተርን ከመበላሸቱ በፊት መጠበቅን፣ በሚገባ የተረዳውም ይህ ድርጅት ነው። መሥራቾቹ የሞተር ውድድር ሰዎች ናቸው፦ አንድሪያና ባሪ ኮልማን፣ እንዲሁም አሜሪካዊው ተወዳዳሪ ራንዲ ማሞላ። በ1980ዎቹ በውድድር ሜዳ ለሕፃናት ገንዘብ ሲያሰባስቡ ቆይተው ወደ አፍሪካ ሲሄዱ፣ በእርዳታ የመጡ ሞተሮችና መኪኖች በጥቃቅን ብልሽት ቆመው አገኙ። ፊልትሮ የለም፣ ካንዴላ የለም፣ የሚያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ ሞተር ከመለገስ ይልቅ የማስተዳደር ሥራ ጀመሩ። ዕቃው ከመበላሸቱ በፊት በኪሎ ሜትር ቆጣሪ ይቀየራል፣ የጤና ሠራተኛው በየጠዋቱ ሞተሩን መፈተሽ ይማራል፣ ነዳጁም ጥገናውም ተደምሮ በኪሎ ሜትር ዋጋ ይሰላል። ሌሶቶ፣ ዚምባብዌና ጋምቢያ ይህን አሠራር አይተውታል።

ይህ ትምህርት ለደቡብ ጎንደርም ይሠራል። በዚያ ያሉት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ አሸዋ የላቸውም፤ ለሞተር ግን ሌላ ዓይነት ፈተና አላቸው። በቻይና እርዳታ የተሠራው የወረታ–ወልድያ መንገድ ነፋስ መውጫን ያቋርጣል፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ናት። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳ፣ ወይም ከጉና ጀርባ ወደ መካነ ኢየሱስ የሚሄድ ሰው፣ ቀጥሎም ወደ በሽሎና ወደ አባይ ሸለቆ የሚወርድ፣ በአንድ ቀን ውርጭና ቆላ ያያል። ከፍታው አየሩን ያሳሳል፤ ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ደግሞ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛበታል፦ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ዳገት ላይ ያንቃል። ለዚህ መካኒኩ የቤንዚን ማሳለፊያዋን ቀዳዳ ጠበብ ባለ ይቀይራታል፤ ቆላ ለሚውል ሞተር ግን መልሶ ማስፋት ይኖርበታል። በክረምት ደግሞ ዋልካው አለ። በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ተጠቅጥቆ ጎማውን እንዳይዞር ያደርገዋል፤ የቀበሌ መንገድ የሚያውቅ ነጂ መከላከያውን ከፍ ያስደርጋል ወይም ፈትቶ ቤቱ ያስቀምጣል። በበጋ ደግሞ ተራው የአቧራው ነው፤ ያልጸዳ ፊልትሮ አቧራውን ወደ ሲሊንደሩ ያሳልፋል፣ ሞተሩም ያለ ዕድሜው ያረጃል።

በዚህ ምድር ሞተር የሚነዳው ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዞ ወደ ጤና ኬላ የሚወጣው፣ ከብት ለማከም ወደ ቀበሌ የሚወርደው፣ የግብርና ባለሙያው ነው። ከእነሱ የሚጠበቀው ነገ ጠዋትም ያው ሞተር ተነሥቶ እንዲሄድ ነው። የዳካሩ አማተር ማታ ማታ በመፍቻ የሚያደርገውም ለዚሁ ሲባል ነው፦ ነገን ለማትረፍ።

ስለዚህ ከአገር ውስጥም ከውጭም ሆኖ ለጋይንት፣ ለስማዳ ወይም ለእስቴ ሞተር ልግዛ ብሎ ገንዘብ የሚያሰባስብ ሰው ከግዢው በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበጃል። መለዋወጫው ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ገበያ ይገኛል ወይ? ነዳጁን ማን ይከፍላል፣ እስከ መቼ? በወረዳው ውስጥ ያንን ሞተር ፈትቶ መግጠም የሚችል፣ ካልሆነም የሚሠለጥን መካኒክ አለ? መልስ ካልተገኘ የተሰበሰበው ገንዘብ የመጀመሪያ ድርሻ ወደ መካኒኩና ወደ መለዋወጫው ሊሄድ ይገባል፤ ሞተሩ ቁጥሩ ቢያንስም ይቆያል።