ብሔራዊ ባንክ በኪስዎ ያለውን ገንዘብ በምን ያውቀዋል?

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ደመወዝዎን ተቀብለው ከፊሉን በኪስዎ፥ ከፊሉንም በቤትዎ ሣጥን ሲያኖሩ፥ ከቤተ ሰብዎ በቀር የሚያውቀው ያለ አይመስልዎ ይሆናል። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሣጥንዎን ሳይከፍት፥ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅዎ፥ በመላው ሕዝብ እጅ የሚገኘውን ጥሬ ገንዘብ ደምሮ በሪፖርቱ ያወጣዋል። ነገሩ ምሥጢር የለበትም፤ የመቀነስ ሒሳብ ነው።

የብር ኖት ለማውጣት ሥልጣን ያለው ይኸው ባንክ ብቻ ስለ ሆነ፥ ያሠራጨውን ገንዘብ ልክ ከመዝገቡ ያገኘዋል። ንግድ ባንኮችም በካዝናቸው ያደረውን ጥሬ ገንዘብ በየጊዜው እንዲያስታውቁት ግዴታ አለባቸው። እንግዲህ ከተሠራጨው ላይ በካዝናዎቹ የተገኘው ሲቀነስ የሚተርፈው፥ በእኔና በእርስዎ፥ በነጋዴውና በገበሬው እጅ ያለው ነው። በዚህም ላይ ሕዝቡ በባንክ ያስቀመጠው ይጨመርበታል። አንዱ ባንክ በሌላው ባንክ ያስቀመጠው ግን ከሒሳቡ ይወጣል፤ አለዚያ አንዱ ብር ሁለት ጊዜ ይቈጠራል።

የቀድሞው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ የማዕከላዊ ባንክንም የንግድ ባንክንም ተግባር አጣምሮ ይሠራ ስለ ነበር፥ ከዚህ ሒሳብ ብዙውን በገዛ መዝገቡ ያገኘው ነበር። በ1956 ዓ.ም. ሥራው ለብሔራዊ ባንክና ለንግድ ባንክ ከተከፈለ ወዲህ ግን ማዕከላዊው ባንክ በሌሎች ሪፖርት የሚደገፍ ሆነ። የዘገየ ወይም የተሳሳተ ወረቀት የአገሩን ድምር ሊያዛባ ይችላል። ይህን ለጽሕፈት ቤት ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

የገበያውን ዋጋ የሚመዘግበው ሌላ መሥሪያ ቤት፥ ማለት የስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው። ይህም መልካም ነው፤ የዋጋን ንረት እንዲገታ የታዘዘ ባንክ የድካሙን ፍሬ ራሱ ቢመዝን ማን ያምነዋል? ብሔራዊ ባንክ የገንዘቡን መዝገብና የገበያውን መዝገብ ጐን ለጐን አኑሮ ይመረምራል። ገንዘቡ ከሸቀጡ ቀድሞ የበዛ እንደ ሆነ የብድሩን በር ያጠባል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የባንኩ የወለድ ተመን 15 በመቶ እንዲሆን መወሰኑ ለዚሁ ዓላማ ነበር፤ ባንኮች ገንዘብ የሚያገኙበት ወለድ ሲወደድ፥ ለነጋዴው የሚያበድሩትም ይወደዳልና።

አሁን ብዙዎቻችንን ወደሚያሳስተን ነገር እንመለስ። «የዋጋ ንረት ቀነሰ» ሲባል ሰምተው ወደ ገበያ ወጥተው ተቈጥተው ተመልሰው ይሆናል። አኃዙ አልዋሸም፤ የሚናገረው ግን ስለ ዋጋው ሳይሆን፥ ዋጋው ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ወዲህ ስለ ሮጠበት ፍጥነት ነው። በ100 ብር ይገዛ የነበረ እህል በዓመቱ 120 ብር ቢገባ ንረቱ 20 በመቶ ነው። በሁለተኛው ዓመት 132 ብር ቢሆን ንረቱ ወደ 10 በመቶ ወረደ ይባላል፤ ባንኩም በትክክል ሥራዬ ፍሬ አፈራ ይላል። ደመወዙ በ100 ብሩ ጊዜ ተቈርጦለት ያልተጨመረለት ሠራተኛ ግን ያንኑ እህል ለመግዛት 32 ብር ይጐድለዋል።