የሳይንስ ፕሮጀክት ከቡሃቃው ሲጀመር

ትምህርት ቤቱ የሳይንስና የፈጠራ ሥራ አውደ ርዕይ ሊያዘጋጅ ነው፤ ልጁ እራት ላይ «ምን ልሥራ?» ይላል። ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚመጣለት ለዓይን የሚሞላ ነገር ነው፦ የካርቶን ግድብ፣ በኮምጣጤና በቤኪንግ ሶዳ አረፋ የሚተፋ እሳተ ገሞራ። ያምራሉ። ግን ግድቡ ተሠርቶ ሲያልቅ ልጁ ትናንት የማያውቀው፣ ዛሬ ያወቀው ነገር ምንድን ነው? የሙጫ አጠቃቀም ካልሆነ በቀር ብዙም የለም።

ፕሮጀክት የሚጀመረው በጥያቄ ነው። ጥያቄው ደግሞ ልጁ በእጁ ሞክሮ፣ ለክቶ የሚመልሰው መሆን አለበት። ለዚህ ከዶክተር አክሊሉ ለማ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። የቢልሃርዝያ ጥገኛ ትል ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት የሚያድገው በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነውና ነገሩ ቀላል አልነበረም። አክሊሉ ግን «እንዶድ ገደላቸው» ብለው አልደመደሙም። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በዕቃ አድርገው፣ ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። የብዙ ዓመት የላቦራቶሪ ሥራ የተከተለው ከዚህ በኋላ ነው።

እርስዎ ቤትም እንዲህ ያለ ነገር አለ፤ ቡሃቃው። «ሊጥ ለምን ይቦካል?» የሚለው ጥያቄ ለፕሮጀክት አይሆንም፤ መልሱ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። እርሾው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት የዱቄቱን ስኳር ይመገባሉ፤ ባክቴሪያዎቹ አሲድ ይሠራሉ፣ ኮምጣጣነቱ ከዚያ ይመጣል፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ምጣድ ላይ የእንጀራውን ዓይን ያወጣል። ልጁ ይህን ይገልብጥና ጥያቄውን ያጥብበው፦ «እርሾ ሲበዛ ሊጡ ምን ያህል ቀድሞ ጋዝ ያወጣል?» አሁን የሚቀየር አንድ ነገር አለ፣ የሚለካ አንድ ነገር አለ።

ዕቃው ከቤት አይወጣም። አንድ ዓይነት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ዘጠኝ፣ ፊኛ ዘጠኝ። በሦስቱ እርሾ የለም፣ በሦስቱ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ በሦስቱ ሦስት ማንኪያ። ሦስት ሦስት የሚሆነው አንዱ ሃይላንድ ቢያፈስ ወይም ፊኛው ቢቀደድ ውጤቱ ገደል እንዳይገባ ነው። በእያንዳንዱ አንድ ሲኒ የጤፍ ዱቄት፣ ከአንድ ጆንያ የተቀዳ፤ ሁለት ሲኒ ውኃ።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። እርሾውም ፈሳሽ ነው! ሦስት ማንኪያ የገባበት ሊጥ ቀጥኖ ይገኛል፤ እንግዲህ ቶሎ ጋዝ ቢያወጣ በእርሾው ይሁን በቅጥነቱ አይታወቅም። ስለዚህ እርሾ በሌለው ሦስት ማንኪያ ውኃ ይጨመራል፤ አንድ ማንኪያ በገባበት ሁለት ማንኪያ ውኃ፤ በሦስተኛው ምንም። ይህችን ማካካሻ ልጁ ራሱ ካሰባት፣ ከፖስተሩ ቀለም ይልቅ ዳኛውን የምታስደንቀው እሷ ናት።

ፊኛው መጀመሪያ በአፍ ተነፍቶ ይለስልስ፤ ከዚያ ሃይላንዱ አፍ ላይ ይግባ። ክዳን ግን በፍጹም አይከደን፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ሃይላንዱን ያፈነዳዋል። ሁሉም አንድ ቦታ ይቀመጡ፤ አንዱ ምድጃ አጠገብ፣ ሌላው መስኮት ሥር ከሆነ ሙቀቱም ተቀየረ ማለት ነው። ድሬዳዋና ደብረ ብርሃን ላይ ሊጥ እኩል እንደማይቦካ የጋገረ ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ለከርሞ የሚሆን ሌላ ፕሮጀክት ነው። ልጁ ተዘቅዝቆ የነበረው ፊኛ ቀና ያለበትን ሰዓት ይጻፍ፤ ጠዋትና ማታ ደግሞ ዙሪያውን በክር ለክቶ ክሩን በማስመሪያ ያንብብ።

ከመጀመሩ በፊት ግን አያቱን ይጠይቅ። «እርሾ አታብዛ፣ ቶሎ ቦክቶ ይኮመጥጣል» ካሉት፣ ያ በዘመናት ልምድ የተገኘ ግምት ነው፤ ከነቀኑ ደብተሩ ላይ ይስፈር። ውጤቱ ከግምቱ ቢለይ ግምቱ አይሰረዝም፣ ውጤቱም አይታረምም። እርሾ የሌለበትም ሃይላንድ ዘግይቶ ፊኛውን ሊያነሳ ይችላል፤ ረቂቅ ሕዋሳቱ ጤፉ ላይም አሉና። ወላጅ ይህን ሲያይ «ተበላሽቷል» ብሎ እንዳይደፋው። ደብተሩንም አይጻፍለት፤ የአባት የእጅ ጽሑፍ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ሩቅ ሳይኬድ ይታወቃል።

ሲያበቃ ሊጡ ይደፋ፤ ፊኛና ስንት እጅ ሲነካካው የሰነበተ ሊጥ ለምጣድ አይሆንም።