ጉድለቱን ማን ይሸከም? የአልኪኖች ሪአክሽን ዳሰሳ

የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ጀማሪ መጀመሪያ የሚሰናከለው በስሞቹ ነው። በኃምሱ «ኬ» የሚጻፈው አልኬን ካርቦኖቹ በነጠላ ቦንድ ብቻ የተያያዙ ሃይድሮካርቦን ሲሆን፣ በሣልሱ «ኪ» የሚጻፈው አልኪን በሁለት ካርቦኖች መካከል ድርብ ቦንድ አለው። በጽሑፍ አንዲት ፊደል የምትለያቸው ሁለቱ ቤተሰቦች በጠባይ ግን አይገናኙም። አልኬን ካልተቃጠለ፣ ወይም ብርሃን ባለበት ከክሎሪንና ከብሮሚን ጋር ካልተገናኘ በቀር እምብዛም አይነቃነቅም። አልኪን ግን ሃይድሮጅን ክሎራይድም ይምጣ ብሮሚን፣ ቦሬንም ይምጣ ኦዞን፣ የቀረበለትን ሁሉ ይቀበላል ማለት ይቻላል። የመማሪያ መጻሕፍት እያንዳንዱን ሪአክሽን በየራሱ ርዕስ፣ አንዳንዴም በሰው ስም ለይተው ስለሚያቀርቡት፣ ተማሪው እንደ ሕግ አንቀጽ በቁጥር በቁጥር ያጠናዋል። ከእነዚህ ሪአክሽኖች የሚበዙት ግን አንድ ታሪክ ናቸው ብሎ መከራከር ይቻላል። ከደንቡ አፈነገጡ የሚባሉትም ጠጋ ብለው ሲያዩአቸው ያንኑ ታሪክ ይመሰክራሉ።

ነገሩ የሚጀምረው ከቦንዱ ነው። ድርብ ቦንድ የሁለት እኩል ቦንዶች ድምር አይደለም። ሲግማ የሚባለው በሁለቱ ካርቦኖች መካከል ባለው ቀጥታ መስመር ላይ ተቀምጧል፤ ፓይ የሚባለው ደግሞ ከመስመሩ በላይና በታች እንደ ደመና ተዘርግቷል። በካርቦንና በካርቦን መካከል ያለን ነጠላ ቦንድ ለመበጠስ በሞል 347 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል፤ ለድርቡ በአማካይ 611 ገደማ። እንግዲህ ሁለተኛው ቦንድ የጨመረው 264 ያህል ብቻ ነው፤ የላላው እሱ ነው። ኤሌክትሮኖቹም ለውጭ እንግዳ የተጋለጡ ናቸው። ስለዚህ ኤሌክትሮን የጎደለው ነገር ሲቀርበው አልኪን በፓይ ኤሌክትሮኖቹ ይይዘዋል፤ ሪአክሽኑ ሲያልቅ አንድ የላላ ቦንድ ጠፍቶ ሁለት አዳዲስ ሲግማ ቦንዶች ይገኛሉ። ይሁንና እንግዳው ከአንዱ ካርቦን ጋር ሲጣመር ሌላው ካርቦን ለአፍታ ጉድለት ላይ ይወድቃል። ቀሪው ታሪክ የሚያጠነጥነው ይህን ጉድለት የትኛው ካርቦን ይሸከም በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

ለጥያቄው በደንብ መልክ መልስ የሰጠው በካዛን የአሌክሳንደር ቡትሌሮቭ ተማሪ የነበረው ቭላዲሚር ማርኮቭኒኮቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 ለዶክትሬት ባቀረበው ጽሑፍ፣ ሃይድሮጅን ሃላይድ ሁለቱ ጫፎቹ በማይመሳሰሉ አልኪን ላይ ሲጨመር ሃሎጅኑ የሚያርፈው ጥቂት ሃይድሮጅን ባለው ካርቦን ላይ ነው አለ። ፕሮፒን ከሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪኑ ጫፉን ትቶ መካከለኛውን ካርቦን ይይዛል። ኤሌክትሮን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1897 በመሆኑ ማርኮቭኒኮቭ ያስተዋለውን መዘገበ እንጂ ምክንያቱን ሊሰጥ አይችልም ነበር። ምክንያቱ ኋላ መጣ፤ ቀድሞ የሚደርሰው የሃይድሮጅን ክሎራይዱ ፕሮቶን ነው፤ ፕሮቶኑ ጫፉን ሲይዝ ፖዘቲቭ ቻርጁ መካከለኛው ካርቦን ላይ ይቀራል፤ መካከለኛው ካርቦን ደግሞ በግራና በቀኝ ኤሌክትሮን የሚያበድሩት ጎረቤቶች ስላሉት ጉድለቱን ከጫፉ ይልቅ ይችለዋል። ይህ በኋላ የተሰፋ ማብራሪያ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ 3-ሜቲል-1-ቢዩቲን ይመስክር። ይህ አልኪን ከሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋር ሲገናኝ ከውጤቱ ከፊሉ ክሎሪኑን የያዘው ድርብ ቦንዱ ጨርሶ ባልነካው ካርቦን ላይ ነው። ደንቡን በቃሉ የያዘ ተማሪ እዚህ ላይ ይደነግጣል። ጉድለቱን የሚከታተል ግን አንድ ሃይድሮጅን ኤሌክትሮኖቹን ይዞ ከጎረቤት እንደተሻገረ፣ ጉድለቱም ሦስት ጎረቤት ወዳለው ካርቦን እንደተዛወረ ይረዳል።

ከባዱ ተቃውሞ የመጣው ከሃይድሮጅን ብሮማይድ ነው። ይህ ውህድ ለአንዱ ተመራማሪ በደንቡ መሠረት፣ ለሌላው በተቃራኒው፣ አንዳንዴም የሁለቱን ድብልቅ ይሰጥ ነበር፤ ለዓመታትም የኬሚስቶች ራስ ምታት ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1933 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሞሪስ ካራሽና ፍራንክ ማዮ አሊል ብሮማይድ የተባለውን አልኪን ሲመረምሩ ጥፋተኛውን አገኙት። ጥፋተኛው አየር ነበር። ኦክስጅን ነክቶት የቆየ አልኪን ጥቂት ፐርኦክሳይድ ይቋጥራል፤ ያቺ ጥቂት ፐርኦክሳይድ ብቻዋን የሪአክሽኑን መንገድ ትቀይራለች። አየርና ፐርኦክሳይድ በሌለበት ብሮሚኑ በደንቡ መሠረት መካከለኛው ካርቦን ላይ በዝግታ ያርፋል፤ እነሱ ባሉበት ጫፉን በፍጥነት ይይዛል። ታዲያ ደንቡ ወደቀ? በፐርኦክሳይድ መንገድ ቀድሞ የሚደርሰው ፕሮቶኑ ሳይሆን አንድ ኤሌክትሮን የጎደለው የብሮሚን አቶም ነው። እሱም እንደ ፕሮቶኑ ጫፉን ይይዛል፤ ጉድለቱ፣ አሁን ቻርጅ ሳይሆን ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን፣ እንደገና መካከለኛው ካርቦን ላይ ይቀራል። የተለዋወጡት ቀዳሚውና ተከታዩ ናቸው፤ ውሳኔው ያው ነው። በነገራችን ላይ ይህ ጎዳና በሃይድሮጅን ክሎራይድ አይሠራም፤ በሃይድሮጅንና በክሎሪን መካከል ያለው ቦንድ በሞል 431 ኪሎጁል ያህል ስለሚጠይቅ ሪአክሽኑ ራሱን እየደገመ የሚቀጥልበት ሰንሰለት ይቋረጣል።

በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1933፣ እንግሊዝ ውስጥ የአይሲአይ ኩባንያ ኬሚስቶች ሬጂናልድ ጊብሰንና ኤሪክ ፎሴት ኢትሊን የተባለውን አልኪን በከፍተኛ ግፊት ሲያምቁ ሰም የሚመስል ነጭ ነገር አገኙ። ሙከራው ሲደገም አልሳካ ብሎ ካስቸገረ በኋላ የዚህም ምስጢር በስህተት የገባ ጥቂት ኦክስጅን ሆኖ ተገኘ። የሁለቱን ዓለም በር የከፈተች ያቺው ያልተጋበዘች እንግዳ ናት። ፖሊኢትሊን አልኪን ሌላ እንግዳ አጥቶ የራሱን ወገን ሲይዝ የሚፈጠር ነው፤ ጫፍ ጫፉን ይዞ፣ ጉድለቱን ወደ ቀጣዩ እያሳለፈ በሺህ የሚቆጠሩ ሞለኪውሎችን ይቀጥላል። ከገበያ የምናንጠለጥለው ስስ ፌስታል ከዚህ ቤተሰብ ነው። ጠንካራው ጀሪካን ካርል ዚግለር እ.ኤ.አ. በ1953 በአነስተኛ ግፊት የሚሠራ ካታሊስት ካገኘ በኋላ የመጣው የዚሁ ወንድም ነው።

ሌላው «ፀረ-ማርኮቭኒኮቭ» እየተባለ የሚጠራው፣ ኸርበርት ብራውን ያስተዋወቀውና እ.ኤ.አ. በ1979 ኖቤል ያሸለመው የቦሬን (የቦሮንና የሃይድሮጅን ውህድ) ሪአክሽን ነው። በመጨረሻ የሚገኘው አልኮል ኦኤቹን ጫፍ ላይ ስለሚያደርግ ስሙ የተገባው ይመስላል። ነገር ግን በቦሮንና በሃይድሮጅን መካከል ኤሌክትሮን የጎደለው ቦሮን ነው፤ ጫፉን የሚይዘውም እሱ ነው። ኦኤቹ የገባው ኋላ፣ በቦሮን ቦታ ነው። «ፀረ» የሚለው ቅጽል እንግዲህ ሃይድሮጅንን በመቁጠር የመጣ የስም ጣጣ ነው። ብሮሚን ደግሞ ጉድለቱን ለብቻው የተሸከመ ካርቦን እንኳ አይተውም፤ በሁለቱም ካርቦኖች ላይ እንደ ድልድይ ተንጠልጥሎ ስለሚጋራው፣ ሁለተኛው ብሮሚን በጀርባ በኩል ብቻ ይገባል። ከሳይክሎሄክሲን ትራንስ ውጤት፣ ማለትም ሁለቱ ብሮሚኖች በተቃራኒ ጎን ያሉበት ብቻ፣ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ፈተና ሲደርስ የሪአክሽኖቹን ሠንጠረዥ መሸምደድ ይቀላል የሚል አስተማሪ አይጠፋም፤ ለጥቂት ሪአክሽኖች እውነቱን ነው። ሠንጠረዡ ግን ያልተጻፈበትን አልኪን ሲያመጡበት ዝም ይላል፤ ለዚህም ያ ጉድለቱ የተዛወረበት ቢዩቲን በቂ ምስክር ነው።

ይልቅ የሚያስጨንቀው ተቃውሞ ሃይድሮጅን ራሱ ነው። ሃይድሮጅን በኒኬል ላይ ከአልኪን ጋር ሲጣመር ጫፍ የሚሻማ እንግዳም፣ ጉድለት የሚሸከም ካርቦንም የለም፤ ሁሉም ነገር የሚካሄደው በብረቱ ገጽ ላይ ነው። ክርክሬ እዚህ ወሰን አለው፤ የጋራ ሆኖ የሚቀረው የላላው ፓይ ቦንድ መበጠሱ ብቻ ነው። ፖል ሳባቲዬ እ.ኤ.አ. በ1912 ኖቤል የተሸለመበትን ይህን መንገድ፣ ቪልሄልም ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1902 ፈሳሽ ዘይት ለማርጋት ተጠቅሞበት ነበር። ኒኬሉ የሰጠውን ሃይድሮጅን አንዳንዴ መልሶ ይወስዳል፤ ያኔ ድርብ ቦንዱ በሲስ ፋንታ በትራንስ ቅርጽ ይመለሳል፤ በከፊል ከረጋ ዘይት ጋር የሚነሳው የትራንስ ቅባት ነገር የመጣው ከዚህ ነው። የሚረጋ ዘይት ሁሉ ግን ኒኬል የነካው አይደለም። በኑግ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ሁለት ድርብ ቦንዶች ያሉት ሊኖሌይክ አሲድ ስለሆነ በደጋ ብርድም ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፤ ፓልም ዘይት የሚረጋው ደግሞ ከቅባት አሲዶቹ ግማሽ ያህሉ ከመነሻውም ድርብ ቦንድ ስላልነበራቸው ነው።