ቆዳን ያድሳል ስለሚባለው ፈሳሽ

አንዲት የሥራ ባልደረባችን ሰሞኑን ከቦርሳዋ ትንሽ ጠርሙስ አውጥታ አሳየችን። በውስጡ ያለው ፈሳሽ አንድ የቡና ሲኒ እንኳ አይሞላም፤ ዋጋው ግን የወር ደመወዟን እኩሌታ ወስዷል። በላዩ ላይ «ግሮውዝ ፋክተር» የሚል ተጽፎበታል። «ይህን ብቀባ ፊቴ ሳይጨማደድ ይቆያል?» ብላ ስትጠይቀን፣ ዕድሜዋ ገና ሃያ ስድስት ነውና ሳቅ ሳቅ ብሎን ነበር። ዳሩ ግን ግማሽ ደመወዝ የሚያስቅ ነገር ሆኖ አላገኘነውም።

ነገሩ የተጀመረው በአይጥ ነው። ስታንሊ ኮኸን የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ ከአይጥ የምራቅ ዕጢ የተገኘውን ጭማቂ አዲስ የተወለዱ የአይጥ ግልገሎችን ቢወጓቸው፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ይገለጥ የነበረው ዐይናቸው በሰባተኛው ቀን ተገለጠ፤ ጥርሳቸውም ያለጊዜው በቀለ። ይህን ያደረገው ፕሮቲን በኋላ «ኤፒደርማል ግሮውዝ ፋክተር» ተባለ። የቆዳ ሕዋሳት እንዲባዙ የሚያዝዝ መልእክተኛ ማለት ነው። ኮኸን በእ.ኤ.አ. 1986 ከሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍለውበታል።

ሰውነት ሲቆስል እንዲህ ያሉ መልእክተኞች ቁስሉን ለመጠገን ይሠራሉ። ቤካፕለርሚን የተባለው የዚሁ ወገን መድኃኒት በእ.ኤ.አ. 1997 ለስኳር በሽተኞች የእግር ቁስል በአሜሪካ ተፈቅዷል። ስለዚህ ነገሩ ተረት አይደለም። ይሁን እንጂ ቁስል የተከፈተ በር ነው፤ የባልደረባችን ፊት ግን ደኅና ስለሆነ በሩ ዝግ ነው። የቆዳ ሐኪሞች እንደሚሉት፣ የላይኛው የቆዳ ንጣፍ በደንብ የሚያሳልፈው ከ500 ዳልተን የማይበልጥ ክብደት ያለውን ሞለኪውል ነው። ይህ ፕሮቲን ግን ከ6,000 ዳልተን ይበልጣል። ግመሉና የመርፌው ቀዳዳ ትዝ አሉን።

ታዲያ በቅባቱ ተሻሻልን የሚሉትስ? በእ.ኤ.አ. 2003 በታተመ አንድ ጥናት 14 ሰዎች እንዲህ ያለውን ቅባት ለ60 ቀን ተቀብተው ብዙዎቹ መሻሻል አሳይተዋል፤ ነገር ግን ካልተቀባ ሰው ጋር አልተነጻጸሩም። ማንኛውም ደኅና ቅባት ቆዳን በማለስለስ ብቻ ሽብሽቡን ለጊዜው ይሸፍናል። ከዚያ ወዲህ ከባዶ ቅባት ጋር የተነጻጸሩ ጥናቶችም አሉ፤ ቢሆንም የተካፋዮቹ ቁጥር አነስተኛ ነው፤ ብዙዎቹንም በገንዘብ የደገፉት ሻጮቹ ናቸው።

ገዝቶ ያስቀመጠ ሰው ግን ስለ አያያዙ ይወቅ። ፕሮቲን ሙቀትና ብርሃን ያበላሹታል፤ ቤካፕለርሚንም የሚቀመጠው በማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ስለዚህ ብርሃን የማያሳልፍና አየር የማያስገባ ዕቃ ይመረጣል። ከታጠበ ፊት ላይ ከወፍራም ቅባት በፊት ይቀባል፤ አሲድነት ካለው ቅባት ጋር ባይደባለቅ ይሻላል። (ዛሬ ፕሮቲኑ ከአይጥ አይወጣም፤ አይስላንድ ውስጥ በገብስ ፍሬ ውስጥ ያመርቱታል። ገብስን ለቆሎና ለጠላ ብቻ የምናውቅ እኛ ይህን ስንሰማ ተደንቀናል።) ሕዋስ እንዲባዛ የሚያዝዝ ነገር ስለሆነም፣ የቆዳ ካንሰር ያለበት ወይም የነበረበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንካው።

ለባልደረባችን የነገርናት ሌላ ነገር ነው። በአውስትራሊያ 903 ሰዎች ተካፍለውበት በእ.ኤ.አ. 2013 በታተመ ጥናት፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት በየቀኑ የተቀቡት ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ የቆዳቸው እርጅና እንደፈቀዳቸው ከተቀቡት በ24 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ናትና ፀሐይዋ ቀላል አይደለችም።

ባልደረባችን ይህን ሰምታ ዝም አለች። ጠርሙሱ ግን እስከዚያ ሰዓት ድረስ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አንሥታ ወደ መሳቢያዋ ከተተችው።