በችሎት ያለ፣ በሆስፒታል የሌለ አስተርጓሚ

በስርቆት ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው አማርኛ ባይችል የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ይደርስለታል። አንቀጽ 19 የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው ያዛል። አንቀጽ 20 ደግሞ ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይኸው ሰው ታሞ ሆስፒታል ቢገባ ግን የሚያስተረጉምለት ራሱ ያመጣው ዘመድ ነው። ዘመድ ከሌለው ወረፋ የሚጠብቅ ሌላ ታካሚ፣ ዘበኛ ወይም የጽዳት ሠራተኛ ይፈለግለታል። አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና የሚመድበው ሀብት በየጊዜው እያደገ እንዲሄድ ቢያስገድድም፣ ታካሚው ከሐኪሙ ጋር በምን ቋንቋ እንደሚግባባ የሚናገረው ነገር የለም። አንድ ሰው ነፃነቱን ሊያጣ በሚችልበት ክፍል የተወሰደው ጥንቃቄ፣ ሕይወቱን ሊያጣ በሚችልበት ክፍል ለምን ቀረ? ማስተርጎም የአስታማሚ ውለታ ሆኖ የሚቆይበት በቂ ምክንያት የለም። እንደ ደም ምርመራና እንደ ራጅ ሁሉ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው፤ ተጠያቂውም ሆስፒታሉ መሆን አለበት።

የአማራ ክልሉ ሰሜን ሸዋ ዞን የአማርኛ አገር ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ጥያቄው ይህን ዞን የሚመለከት አይመስልም። መንዝ፣ ተጉለት፣ ቡልጋ፣ ምንጃር ሲባል ሌላ ቋንቋ ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ዞኑን ከደብረ ብርሃን ሪፈራል ሆስፒታል በር ላይ ሆኖ ሲያዩት ግን መልኩ ይለወጣል። በስተምሥራቅ ከአንኮበርና ከጣርማ በር ገደል ሥር የአፋር ቆላ ይጀምራል፤ በሰሜን ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ አልፎ ከሚሴን ማዕከል ያደረገው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን አለ፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ ሰላሌ። በመካከሉ አርጎባዎች ይኖራሉ። ሕመም የአስተዳደር ወሰን አያውቅም፤ አምቡላንስም የሚሄደው ወደሚቀርበው ሆስፒታል ነው።

ይህ መደባለቅ አዲስ አይደለም፤ እንዲያውም የሸዋ መንግሥት የቆመው በእሱ ላይ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር የቤተ መንግሥት ከተማ ስትሆን፣ ከሥሯ ያለችው አልዩ አምባ ደግሞ የነጋዴ ከተማ ነበረች። ዓርብ ዓርብ በሚቆመው ገበያዋ የአፋር የጨው ነጋዴ፣ የአርጎባ ሸማኔ፣ የሐረር ነጋዴና የደጋው ገበሬ ይገናኙ ነበር። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ሸዋ ገብቶ ኦሮምኛ ያጠናው እዚሁ ሆኖ ነው፤ በዓመቱም የኦሮምኛ ሰዋስው ለንደን ላይ ታተመለት። እ.ኤ.አ. በ1841 በሻምበል ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ሐኪም ይዞ ሲመጣና ከደብረ ብርሃን አጠገብ ባለችው አንጎለላ ከንጉሡ ጋር የወዳጅነት ውል ሲፈራረም፣ ሲያስተረጉም የነበረው ይኸው ክራፍ ነበር። ቡድኑ ጠመንጃና ገጸ በረከት እንዳዘጋጀ ሁሉ፣ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ከጎኑ እንዲኖር ማድረግንም የሥራው አካል አድርጎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በላይ አልፏል። ለነገሥታት ውል ያስፈለገው ሰው ምጥ ለጠናባት የአፋር እናት ገና አልተመደበም።

መንግሥት የቋንቋን ክብደት ስቶት ነው ማለትም አይቻልም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ከየቀበሌው የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ ወጣት ሴቶች እየተመረጡ ሠልጥነዋል፤ ቁጥራቸውም ከ30 ሺህ በላይ ደርሷል። ምክር ሰሚ የሚያገኘው በራስ አንደበት ሲነገር መሆኑ ስለታመነበት ነው እንዲህ የተደረገው። ችግሩ የሚጀምረው ከጤና ኬላው በላይ ነው። እናትየው ከኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ስትባል ወረቀቷ አብሯት ይወጣል፤ የምትግባባት ሴት ግን ኬላው ላይ ትቀራለች። ሕመሙ በከበደ ቁጥር ቋንቋው እየራቀ ይሄዳል ማለት ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የጤናው ዘርፍ ዋና አጀንዳ ሆኖ የቆየው «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ» የማፍራት ዕቅድም እዚሁ ላይ ይሰናከላል። ታካሚዋ ምን እንደሚደረግላት ሳይገባት የቀዶ ሕክምና የስምምነት ቅጽ ላይ አውራ ጣቷን ካሳረፈች፣ ያ ፊርማ ሆስፒታሉን ከክስ ይጠብቀው ይሆናል እንጂ እሷ ተስማምታለች አያሰኝም።

ዘመድ እያለ ሌላ አስተርጓሚ ምን ያደርጋል የሚሉ አሉ፤ ታካሚ ለዘመዱ ይበልጥ ይገለጣል ብለው። አብሮ መሆኑ መልካም ነው፤ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጥ፣ ያጽናና። ነገር ግን አማቷ እያስተረጎመችላት ስለ ውርጃ ወይም ስለ ኤችአይቪ በነፃነት የምትናገር ሴት የት ትገኛለች? የአሥር ዓመት ልጅስ ለአባቱ ካንሰር እንዳለበት እንዴት ይንገረው? ጉዳዩ የኀፍረት ብቻም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች በሚታከሙበት የሕፃናት ሕክምና ግሌን ፍሎሬስና ባልደረቦቹ ንግግር ቀርጸው አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ በአንድ የሐኪምና የታካሚ ንግግር ውስጥ በአማካይ 31 የትርጉም ስሕተት አግኝተዋል፤ ከስሕተቶቹ 63 በመቶው ሕክምናውን ሊያዛቡ የሚችሉ ነበሩ። ያልሠለጠነ ሰው ሲያስተረጉም ድርሻው 77 በመቶ፣ የሆስፒታል አስተርጓሚ ሲሆን 53 በመቶ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በወጣው ሌላ ጥናታቸው ቢያንስ የ100 ሰዓት ሥልጠና የወሰዱ አስተርጓሚዎች ከፈጸሟቸው ስሕተቶች ውስጥ አደጋ ሊያስከትሉ የሚችሉት 2 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። ሁለት ቋንቋ መቻል ብቻውን አይበቃም፤ የሐኪምን ቃል ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ማድረስ የሚማሩት ሙያ ነው።

ነርሶቻችን ኦሮምኛም ይችላሉ የሚለው ሁለተኛው መከራከሪያ ከፊል እውነት አለው። ብዙ ባለሙያዎች በራሳቸው ቅንነት፣ ከሥራቸው ላይ ሥራ ጨምረው ያስተረጉማሉ፤ ሊመሰገኑም ይገባል። ነገር ግን ነርሷ ተረኛ ያልሆነች ዕለት ቋንቋውም አብሮ ከሥራ ይቀራል። ከዚህም ሌላ የመግባባት ችግር የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ስሕተት ነው። የሕክምና ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፤ ካርዱም፣ የላብራቶሪ ውጤቱም፣ ከሆስፒታል ሲወጡ የሚሰጠው ማጠቃለያም በእንግሊዝኛ ይጻፋል። የመንዙ ገበሬ ውጋት፣ ቁርጥማት፣ ምች፣ ብርድ እያለ ሲያስረዳ፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ተለማማጅ ሐኪም የሚሰማው በራሱ ሁለተኛ ቋንቋ፣ የሚጽፈው ደግሞ በሦስተኛው ይሆናል። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪውና አፋርኛ ተናጋሪው ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ለአናሳዎች የሚደረግ ልዩ አስተያየት ተብሎ ሊታለፍ አይችልም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የጊዜው ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የአማራ ክልል በጦርነት ውስጥ ነው። መንገድ በሚዘጋበትና መድኃኒት በሚያጥርበት ሰዓት ስለ አስተርጓሚ ማንሳት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ተቃራኒው ነው የሚታየኝ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ከተቃጠለች ወዲህ በዚያ መስመር ሰው ሰውን በሚናገረው ቋንቋ መጠርጠር ጀምሯል። እንዲህ ባለ ጊዜ ታካሚ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ለመናገር ሊፈራ ይችላል፤ ሆስፒታሉ ራሱ በቋንቋው ካላነጋገረው በስተቀር ፍርሃቱ አይለቀውም። መድኃኒት ካጠረም ያለው በትክክል እንዲወሰድ ማስረዳት ይበልጥ ያስፈልጋል። ወጪውም የተፈራውን ያህል አይደለም። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1973 የስልክ አስተርጓሚ አገልግሎት ስትጀምር፣ ከሜልቦርን ወይም ከሲድኒ የሚደውል ሰው አስተርጓሚ በስልክ እንዲያገኝ ነበር ያደረገችው። ሰመራ ያለ አፋርኛ ተናጋሪ ለደብረ ብርሃን፣ ደብረ ብርሃን ያለ አማርኛ ተናጋሪ ለሰመራ በስልክ ማስተርጎም ይችላል። የፌዴራል መንግሥት በ2012 ዓ.ም. አፋን ኦሮሞን፣ ትግርኛን፣ ሶማሊኛንና አፋርኛን የሥራ ቋንቋ ለማድረግ ወስኗል፤ ውሳኔው በሆስፒታል ደረጃ ምን ማለት እንደሆነ፣ ገንዘቡስ ከየትኛው መደብ እንደሚወጣ በግልጽ የሚመልስ ኃላፊ ግን አልተገኘም።

ሕግ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነም አሜሪካ ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በ2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎት እንዲመቻች ያዘዙበት ትእዛዝ በ2025 ተሽሯል። ስለዚህ ሥራው ከታች፣ ከየሆስፒታሉ ቢጀመር ይሻላል። ካርድ ክፍል ስም፣ ዕድሜና አድራሻ ሲመዘግብ የታካሚውን ቋንቋ ጨምሮ ይጠይቅ፤ ስንት ሰው እንደሚቸገር የሚታወቀው ያኔ ነው። የሚሠለጥን ሰው ደግሞ እዚያው ከተማው ውስጥ አለ። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የአስራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ከመላ አገሪቱ የተመደቡ ተማሪዎች ይማራሉ። ከወለጋ ተፈናቅለው በከተማዋ መጠለያዎች ከሚኖሩት መካከልም አማርኛና ኦሮምኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ፣ ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች አሉ። የፍሎሬስ ጥናት የጠቀሰው 100 ሰዓት በቀን አምስት ሰዓት ቢሠለጠን ሃያ ቀን ይፈጃል። መምህሩም፣ ክፍሉም፣ የሚለማመዱበት ሆስፒታልም ደብረ ብርሃን ውስጥ አሉ።